ሜዳ ላይ የምትሞት መኪና

«ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለች፤ ሜዳ ላይ ስትደርስ ትሞታለች።»

አጎቴ ይህን ያሉኝ በኅዳር 2004 ዓ.ም. ሳንጃ በገባሁበት ዕለት ማታ፣ ደጃፋቸው ላይ ቡና እየጠጣን ነው። አላመንኳቸውም። መኪና የምትደክመው ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲከብዳት ነው። ሜዳ ማረፊያ እንጂ መሞቻ አይደለም። ዕድሜያቸው ገፍቷልና ተምታቶባቸው ይሆናል ብዬ በልቤ አለፍኩት። ምስጢሩ ግን በሙሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበረ፤ እሷን በትክክል ለመስማት አምስት ቀን ፈጀብኝ።

መኪናዋ አሮጌ ፒካፕ ላንድ ክሩዘር ነች። 2ኤፍ የሚባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,230 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ተሸክማለች፤ ኮምፒዩተር ያልነካው፣ ካቻቪቴና ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉ ሊገባበት የሚችል ብረት ነው። ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ከሞተሩ ጎን ቆሟል። «ካንዴላ» የሚለውን ቃል በወደድኩት ቁጥር እደግመዋለሁ፤ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው፤ ከወረራው የቀረን ነው። የጣልያኑ አዛዥ የስታራቼ የካሚዮን ጦር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከኦም ሐጀር ተነስቶ ጎንደር የገባው በዚሁ በምዕራቡ ቆላ በኩል ነበር። ወራሪው ሄደ፤ ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑና ኮፈኑ ቀሩ።

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ከተማ ነች። ከጎንደር ወደ ሁመራ የሚሄደው መንገድ ትክል ድንጋይን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ከዚያም መስኮት መክፈቱ ራሱ ትርጉም ያጣል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ ማሳ እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ኅዳር ሰሊጡ ታጭዶ፣ በሂላ ቆሞ ደርቆ፣ የሚራገፍበት ሰሞን ነው። አጎቴ ሠራተኛ፣ ውሃና ጆንያ የሚያመላልሱት በዚህችው መኪና ነው፤ አንድ ቀን ስትቆም የቀን ሠራተኛው ሂሳብ አይቆምም።

የበሽታዋን ምክንያት ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ሙቀቱ ነው። ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ይፈላል፣ ፓምፑ ፈሳሽ በመሳብ ፋንታ ትነት ይስባል፣ ሞተሩ ይራባል። ስለዚህ ረዳቱ ሁልጊዜ እርጥብ ጆንያ ይዞ ነው የሚሳፈረው። መኪናዋ ስትቆም ወርዶ ፓምፑ ላይ ያለብሰዋል፤ ዛፍ ሥር ሃያ ደቂቃ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ትነሳለች። ጥቂቶች ደግሞ የሚያሙት ቤንዚኑን ነው፤ ያኔ የአገራችን ቤንዚን በአብዛኛው በመተማ በኩል ከሱዳን ይገባ ስለነበር «የሱዳን ቤንዚን ነው» ማለት ቀላል ነበር። የቆላ ቤንዚን መፍላት እውነተኛ ነገር ነው። እርጥብ ጆንያውም ሁልጊዜ ይሠራል። እኔም አመንኩ።

በማግሥቱ አብሬያቸው ስወጣ ግን ያልተነገረኝ ሌላ ነገር ሰማሁ። ከሳንጃ ወንዝ ወደ ከተማው በሚወጣው አቀበት ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ጭነት እንደያዘች ሞተሩ ያንቃጭል ጀመር፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ከተው እንደሚያናውጡት።

«ይህን ድምፅ መቼ ጀመረች ጋሼ?»

«ጎንደር ካሠራኋት ወዲህ ነው። እዚያ ሳለች ግን እንደ ሰዓት ነበር የምትሄደው፤ መካኒኩ ጎበዝ ነው።»

መካኒኩ እውነትም ጎበዝ ነበር። የሠራው ሥራ ለጎንደር ልክ ነው፤ ለሳንጃ ነው ያልሆነው።

ሁለት ሴቶች አንድ ሙቀጫ ላይ እየተፈራረቁ ሲወቅጡ አይተን እናውቃለን። የአንዷ ዘነዘና ሲነሳ የሌላዋ ይወርዳል። አንዷ ትንሽ ብትቀድም ሁለቱ ዘነዘና አየር ላይ ይጋጫል፤ ብትዘገይ ምቱ ፍሬ ላይ ሳይሆን ባዶ ላይ ያርፋል። የሞተር ታይሚንግም ይኸው ነው። ፒስተኑ ቤንዚንና አየሩን ጨምቆ ጫፍ ሲደርስ እሳቱ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ሊገፋው ይገባል። ነገር ግን እሳት ጊዜ ይፈልጋል። በደቂቃ 2,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በአንድ ሺኛ ሰከንድ 12 ዲግሪ ይዞራል፤ ነበልባሉ ሲሊንደሩን ለማዳረስ ሁለት ወይም ሦስት ሺኛ ሰከንድ ከወሰደበት ሞተሩ እስከዚያው ከ24 እስከ 36 ዲግሪ ዞሯል። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ቀድሞ መምጣት አለበት። በስንት መቅደም እንዳለበት የሚወስነው እንግዲህ አየሩም ጭምር ነው።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ትቀመጣለች። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሲሊንደሩ የሚሞላው በሳሳ አየር ስለሆነ ነበልባሉ ይዘገያል፤ ሞተሩም ብልጭታው ቀደም ቢልለት ይወዳል። ያ መካኒክ ዲስትሪቢዩተሩን ይዞ፣ ጆሮውን ሰጥቶ፣ ድምፁ እስኪጣፍጥለት ድረስ ወደ መቅደም አዙሮታል። ቆላ ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃልም። ሲሊንደሩ በደንብ ይሞላል፣ ጭመቃው ይበረታል። ቀድሞ የመጣው ብልጭታ ያስነሳው እሳት፣ ገና ያልደረሰበትን ቀሪ ቤንዚን እያጨናነቀና እያጋለ በራሱ እንዲፈነዳ ያደርገዋል። የምንሰማው ቅጭልታ ያ ፍንዳታ ነው። ለረጅም ጊዜ ችላ ከተባለ ፒስተን ይበሳል።

የብልጭታውን ሰዓት ማስተካከል በአንድ ዘመን የሹፌሩ የዕለት ሥራ ነበር። በፎርድ ሞዴል ቲ መሪ ሥር፣ በስተግራ፣ ብልጭታን የሚያስቀድምና የሚያዘገይ እጀታ ነበረ፤ ሹፌሩ ዳገት ሲገጥመው በእጁ ያዘገየዋል፣ ሜዳ ሲያገኝ ያስቀድመዋል። ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ በ1909 እ.ኤ.አ. ዴልኮን መሥርቶ፣ ካዲላክ በ1910 ሞዴሉ የገጠመውን የባትሪ ማቀጣጠያ ካዘጋጀ በኋላ ኮይል፣ ፖይንትና ዲስትሪቢዩተር ለብዙ አሥርት ዓመታት የቤንዚን መኪኖች መደበኛ ዕቃ ሆኑ። ማስቀደሙና ማዘግየቱም ቀስ በቀስ ከሹፌሩ እጅ ወጥቶ ለክብደቶች፣ ለስፕሪንግና ለቫኪዩም ተሰጠ። ከፍታን የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ቶዮታ ራሱ ኋላ ለአሜሪካ ገበያ ባወጣቸው አንዳንድ ላንድ ክሩዘሮች ላይ፣ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከወጡ በኋላ ብልጭታውን በራሱ የሚያስቀድም መሣሪያ ጨምሯል። የአጎቴ መኪና ያ የላትም።

የታይሚንግ መብራትም የለንም። ያለን አንዲት ከዳሽቦርድ የተነቀለች አምፖልና ሁለት ክንድ ሽቦ ነው፤ በቂ ነው። በመጀመሪያ ፖይንቱን አየሁ። ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ መለኪያ ስለሌለ አራት አዲስ ምላጭ ደርቤ፣ የሲጋራ ፓኮ ውስጠኛ ወረቀት ጨምሬ ለካሁት። ጠቦ ነበር፤ አስተካከልኩት። ይህን ሳያስተካክሉ ታይሚንግ መንካት ከንቱ ድካም ነው፤ ክፍተቱ ሲለወጥ ፖይንቱ የሚከፈትበት ሰዓትም አብሮ ይለወጣልና።

ከዚያ የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈታሁ፤ የአጎቴ ረዳት ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፈነ፤ እኔ ማኖቬላውን ከፊት አስገብቼ ሞተሩን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። «ገፋኝ!» ሲል ፒስተኑ እየጨመቀ መሆኑን አወቅሁ። የዚህ ሞተር ምልክት ያለው ከኋላ፣ ፍላይዊሉ ላይ ነው፦ ብረቱ ውስጥ የተቀበረች፣ የሽምብራ ያህል የምታብረቀርቅ ኳስ። በትንሿ መስኮት ከጠቋሚው ጋር ስትገጥም ሞተሩ ከጫፍ 7 ዲግሪ ቀድሞ ቆሟል ማለት ነው። የአምፖሏን አንድ ሽቦ ኮይሉ ላይ፣ ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው በኩል፣ ሌላውን ሞተሩ አካል ላይ አሰርኩ። ፖይንቱ ሲዘጋ ትጠፋለች፤ ሲከፈት ትበራለች። ማለትም ብልጭታው የሚወለድባት ቅጽበት በዓይን ትታያለች።

ኳሷ መስኮቱ ላይ ገና ብቅ ሳትል አምፖሏ በራች።

ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ማብራሪያ አላስፈለገውም። ኳሷን ከጠቋሚው ጋር አገጥሜ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ አላልቼ፣ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ አምፖሏ እስክትጠፋ አዞርኩ፤ ከዚያ በተቃራኒው ፀጉር በምታህል እንቅስቃሴ መለስኩት። በራች። እዚያው ላይ አሰርኩት። አቀበቱን ደግመን ስንወጣው ሞተሩ እንደ ድመት ብቻ ያንኮራፋ ነበር። አጎቴ አንገቴን ይዘው ሳሙኝ። በሽታዋ የተፈወሰ መሰለን፤ ብልጭታው ቀድሞ ሲመጣ ሞተሩ ይግላል፣ ሲግል ቤንዚኑ ይፈላል፣ ስለዚህ ሁለቱም ነገር አንድ ነው ብዬ አብራራሁላቸው። ያማረ ማብራሪያ ነበር፤ ግን ስህተት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ወደ ማሳው ስንሄድ፣ ቀጥ ያለው ሜዳ ላይ አጎቴ በስልሳ ገደማ እየነዱ ሳሉ መኪናዋ አሳላት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ገጭ ገጭ አለች፤ ከዚያ ጎማው አፈር ላይ ሲንከባለል ብቻ ይሰማል። ረዳቱ ጆንያውን ይዞ ዘለለ። ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን። አጎቴ ምንም አልተናገሩም፤ ዝምታቸው ከወቀሳ የከበደ ነበር።

ያን ማታና ማግሥቱን እንዳልባሌ አጠፋኋቸው። ከጎንደር በአውቶቡስ ተልኮ የመጣ ኮንደንሰር ቀየርኩ፤ ከሌላ መኪና ኮይል ተውሼ ገጠምኩ። ከጨለመ በኋላ ሞተሩን አስነስተን ኮፈኑን ከፍተን ቆየን፤ የተሰነጠቀ ክዳን ወይም የተበላ የካንዴላ ገመድ ካለ ብልጭታው ሲሾልክ በጨለማ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ምንም አልታየም። የክዳኑ ውስጥ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሻማ ብርሃን ተመረመረ፤ እንደ ሸረሪት እግር የሚሄደው የካርቦን መሥመር የለበትም። አንዱን ሳልፈትሽ ሌላውን እየቀየርኩ ስለነበር ከየትኛውም ምንም አልተማርኩም። መካኒክ ሲደነግጥ እጁ ከአእምሮው ይቀድማል።

ነገሩን የከፈተው ብርድ ነው። በአምስተኛው ቀን ሠራተኛ ለማድረስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። በዚያ ሰዓት ሳንጃም ትቀዘቅዛለች፤ ሠራተኞቹ ጋቢ ተከናንበው ከኋላ ተቃቅፈው ነበር። ሞተሩ ገና በቅጡ አልሞቀም። ሜዳው ላይ ስንደርስ አሳላት፤ ቆመች።

ቤንዚን በንጋት ብርድ አይፈላም።

ረዳቱ ጆንያውን ይዞ ሲወርድ «ቆይ!» አልኩት። በኋላ ሲነግረኝ ጮኼበት ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ አሁኑኑ አስነሷት።» አጎቴ ቁልፉን አዞሩ። ወዲያው ተነሳች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሃያ ደቂቃ ሲጠበቅ ኖሯል፤ ሳይጠብቅ የሞከረ ግን አልነበረም። ጆንያው አድኗት አያውቅም፤ ስትቆም ወዲያው ትድን ነበር።

መንገድ ዳር ተቀምጠን የቆመችባቸውን ቦታዎች እንዲቆጥሩልኝ ለመንኳቸው። አጎቴ ጥሩ አስታዋሽ ናቸው፤ የትኛው ግራር ሥር፣ የማን ማሳ አጠገብ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ዳገት የለም። ቁልቁለት የለም። ከትክል ድንጋይ እስከ ሳንጃ ባለው ጠመዝማዛ አንድም ቀን አልቆመችም። ጎንደር ያለው መካኒክ ከተማ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ሲፈትናት በሽታው ያልታየውም ለዚህ ነው። ሙቀቱ ቆላ ነው፤ ሜዳውም ቆላ ነው፤ ሁለቱ አብረው ስለሚገኙ ጥፋቱን ሁላችንም ለሙቀቱ ሰጠነው።

ታዲያ ሜዳ ላይ ምን ይለወጣል? የሹፌሩ እግር ነው የሚለወጠው። ዳገት ላይ ቤንዚን መስጫው እስከ ወለሉ ይረገጣል፤ የካርቡሬተሩ በር ይከፈታል፤ ቫኪዩም ይጠፋል። ቁልቁለት ላይ እግር ይነሳል፤ በሩ ይዘጋል፤ ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው ቀዳዳ ከበሩ በላይ ስለሆነ እዚያም ቫኪዩም አይደርስም። ሜዳ ላይ ብቻ፣ እግር ለስለስ ብሎ ሲረግጥ፣ ቫኪዩሙ በቱቦው ይመጣና የዲስትሪቢዩተሩን ሳህን ስቦ ያዞራል፤ ለስላሳ ጉዞ ላይ ብልጭታው ቀደም እንዲል፣ ቤንዚን እንዲቆጠብ። ስለዚህ ሜዳ ላይ ብቻ የሚንቀሳቀስ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ፖይንቱ የተቀመጠበት ሳህን ነው።

ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ የቫኪዩሙን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ነቅዬ በአፌ መጠጥኩት። ጤነኛ ሞተር ይህን ሲያደርጉት ድምፁ ከፍ ይላል። ይህኛው ቀጥ አለ። አስነሱት አልኩ፤ ተነሳ። መጠጥኩ፤ ሞተ። ሦስተኛ ጊዜ ረዳቱ «እኔ ልሞክር» ብሎ መጠጠው፤ ገደለውና ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ እንደ እባብ ተመለከተው። ሠራተኞቹ ከኋላ ወርደው ከበውን ነበር።

ያቺው አምፖል መልሳ ሥራ አገኘች። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉ እንደተከፈተ፣ ፖይንቱ ተዘግቶ እንዲቆም አደረግሁ። ፖይንት ከተዘጋ አምፖሏ መጥፋት አለባት፤ ጠፍታለች። ቱቦውን መጠጥኩ፤ ሳህኑ ዞረ፤ ፖይንቱ እንደተዘጋ ነው፤ አምፖሏ ግን በራች። ስለቅ ጠፋች። እንግዲህ የሚላቀቀው ፖይንቱ አይደለም፤ ወደ ፖይንቱ የሚሄደው ሽቦ ነው። ከዲስትሪቢዩተሩ ግድግዳ ወደ ሳህኑ የምትዘረጋው ጣት የማትሞላ ሽቦ ሽፋኗ ሙሉ ነው፤ ጥቁር፣ ዘይት የነካት፣ ጤነኛ። በክብሪት እንጨት ገፋ ሳደርጋት አምፖሏ በራች። ሽፋኗን በምላጭ ስሰነጥቀው የመዳቡ ክሮች በሙሉ ተበጥሰው ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፈው ብቻ ነበር የቆሙት። ሳህኑ ለዓመታት ወደዚያ ወደዚህ ሲል አድክሞ በጥሷቸዋል። ሳህኑ ሲመለስ ይነካካሉ፤ ሲሳብ ይለያያሉ። በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ብልጭታ ታቀብል የነበረችው መንገድ እሷ ናት።

ሳንጃ ተመልሰን፣ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ከተሰባበረ ቴፕ ውስጥ ለስላሳ፣ ብዙ ክር ያላት ቀጭን ሽቦ ነቅሎ ሰጠን። ወፍራም ሽቦ እዚህ ቦታ አይሆንም፤ ስለሚደርቅ ቶሎ ይበጠሳል። በከሰል በጋለ የመዳብ ካውያ በሊድ አጣበቃት፤ ሳህኑ ሲዞር እንዳትወጠር ትንሽ እጥፍ ተውንላት። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ጆንያውን ሆን ብለን ቤት ትተን ወጣን። አጎቴ ሜዳው ላይ እግራቸውን አለስልሰው ነዱ። መኪናዋ በየግራሩ ሥር አለፈች። አራተኛውን ግራር ስናልፍ ረዳቱ ከኋላ ጣሪያውን ደበደበ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሽቦዋን ስንጠግን የቫኪዩሙ ጣሳ ጫፍ ላይ ያለች ክዳን ፈትቼ ነበር፤ ሥሯ በእጅ የምትዞር ራስ ነበረች፤ አጠገቧም ኤ እና አር የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። ፋብሪካው ያስቀመጣት ለቤንዚን ነው፤ ደካማ ቤንዚን ሲገጥም ብልጭታውን ወደ አር አዙሮ ለማዘግየት፣ ጥሩ ሲገኝ ወደ ኤ ለማስቀደም። የሞዴል ቲው እጀታ ከመሪው ሥር ወጥቶ እዚህ ተደብቋል። መኪናዋን ለብዙ ዓመት የነዱት አጎቴ ክዳኗን ተከፍታ አይተው አያውቁም። ከጎንደር ሳንጃ፣ ከሳንጃ ጎንደር በተመላለሱ ቁጥር ማሰሪያ መፍታት ሳያስፈልግ በሁለት ጣት የሚያስተካክሉበት መሣሪያ ነው።

ወደ ጎንደር ስመለስ እሳቸው ናቸው ያደረሱኝ። ትክል ድንጋይ ላይ አቁመው ኮፈኑን ከፈቱ። ራሷን ወደ ኤ ጥቂት አዞሯት፤ ተነስተው ሞከሩ፤ ተመልሰው ጥቂት ጨመሩ። ሞተሩ ሲለሰልስላቸው ከኪሳቸው ሚስማር አውጥተው ብረቱ ላይ አንድ ጭረት ጫሩ። ቀደም ሲል ሳንጃ ላይ የጫሩት ሌላ ጭረት ከጎኑ ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በአንደኛው አጠገብ «ቆ»፣ በሌላው አጠገብ «ደ» ብለው ጻፉ።

«ልጁ እንዳይምታታበት» አሉኝ፤ ረዳቱን ማለታቸው ነበር።